የእህል ጣዕም በአረቄ ውስጥ፤ ከምን እንደሚገኝና በምን እንደሚጠፋ

ለክቡራን አገረ ገዥዎች፥ ለባለ እርሻዎችና ለወረዳ ሹማምት የቀረበ ጽሑፍ።

በአገራችን ከሚመረተው ገብስና በቆሎ፥ ስንዴና ዳጉሳ ከፊሉ ለአረቄ ይውላል። ይህን ሥራ በየመንደሩ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትና የቤታቸውን ወጪ የሚችሉት በዚሁ ሙያ ነው። አስካሪ መጠጥ ሲበዛ የሰውን ጤናና የቤቱን ሀብት እንደሚያጠፋ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ይህ ጽሑፍ መጠጥን ለማወደስ አልተጻፈም። የተጻፈው ስለ እህሉ ነው። ገበሬው በብዙ ድካም ያመረተው እህል ለአረቄ ከዋለ ዘንድ በሥርዓት ሊሠራበት ይገባል። ዳሩ ግን በየገበያው ከሚሸጠው አረቄ ብዙው ጭስና ኮምጣጤ የሚሸት፥ ከገብስ ይውጣ ከበቆሎ፥ ከዳጉሳ ይውጣ ከስኳር የማይለይ ሆኖ ይገኛል።

የእህሉ ጣዕም በአረቄው ውስጥ መኖሩ ለጠጪው ደስታ ብቻ የሚፈለግ ነገር እንዳይመስለን። የገብሱ መዓዛ በአረቄው ውስጥ ከተገኘ፥ እህሉ ንጹሕ እንደ ነበረ፥ ብቅሉ በደንብ እንደ በቀለ፥ እሳቱ በዝግታ እንደ ነደደ፥ ሌላም ባዕድ ነገር እንዳልተቀላቀለበት እንረዳለን። መዓዛው ከጠፋ ግን ከእነዚህ አንዱ ጎድሎአል ማለት ነው። ስለዚህ የእህል ጣዕም የሥራው ምስክር ነው። ሹማምት ይህን ምስክር መጠየቅ ቢያውቁ፥ በሐቅ የምትሠራውን ባለሙያ ከአጭበርባሪ ነጋዴ ለመለየትና የምታገኘውን ዋጋ ለማስከበር ይችላሉ።

1ኛ፤ ስለሚተንና ስለማይተን ነገር

አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ «ዐረቅ» ማለት ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደ ላብ እየተንጠባጠበ ስለሚወርድ ይህ ስም ተሰጠው። አልኮል በ78 ዲግሪ፥ ውኃም በ100 ዲግሪ ሴንቲግራድ ይፈላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ሁሉም ቀደም ብሎ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገኘውን የሙቀት ቍጥር እንዳለ ወስዶ በደጋችን መሥራት ያሳስታል።

ድስቱ ሲሞቅ የሚተነው ብቻ በቧንቧው ያልፋል፤ የማይተነው በድስቱ ይቀራል። ጣፋጭነት አይተንም፤ ጨውም ቀለምም አይተንም። የጌሾ ምሬት እንኳ አይተንም፤ ሽታው ግን በከፊል ያልፋል። እንግዲህ በአረቄ ውስጥ የእህል ጣዕም የምንለው ከእህሉ ዘይት፥ ከታመሰው እህል መዓዛና ድፍድፉ ሲብላላ ከሚፈጠሩት ልዩ ልዩ ሽቶዎች ከአልኮሉ ጋር አብሮ የሚተነው ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በጥቂት ስሕተት ይጠፋል፤ ወይም በሌላ ክፉ ሽታ ይሸፈናል።

2ኛ፤ ስለ እህሉ ምርጫ

ገብስ የዳቦና የቆሎ መዓዛ ይሰጣል። የስንዴ አረቄ ለስለስ ያለ ነው። በቆሎ በአፍ ውስጥ ወፈር የሚልና ጣፋጭነት የሚመስል ጣዕም አለው። ዳጉሳ በተለይ በጎጃም ለአረቄ የተወደደ እህል ነው፤ ነቀዝ ብዙ ስለማይደፍረው በጎተራ ረጅም ጊዜ ይቆያል፥ ሲበቅልም ብርቱ ብቅል ይሆናል። ቀይ ማሽላ በቅርፊቱ ውስጥ አፍ የሚያጨማድድ ነገር ስላለው ብቅሉ በደንብ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ነጩ ማሽላ ይሻላል። ቻይናዎች ግን ማሽላን የአረቄያቸው ዋና እህል አድርገው በልዩ አሠራር እጅግ ብርቱ መዓዛ ያወጡበታል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የአንዱ እህል ጣዕም ጐልቶ እንዲሰማ የጐተራ ጥራጊ ሁሉ ሳይደባለቅ ዋናውን እህል ለይቶ መያዝ ነው።

በዚህ አንቀጽ ባለ እርሻዎች እንዲያስተውሉት የሚያስፈልግ አንድ ብርቱ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ዝናብ ያገኘውና የሻገተው እህል «ለአረቄ ይሆናል» እየተባለ ይለያል። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው፥ የሻጋታው ሽታ ስለሚተን ከአረቄው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ የእህሉንም መዓዛ ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ አይተንም፤ ስለዚህ ወደ አረቄው ሳያልፍ በአተላው ውስጥ ይቀራል። ከእህሉ ውስጥ ስታርች የሚባለው ነጭ ክፍል ወደ አልኮል ተለውጦ ሲሄድ የሚቀረው ደረቅ ነገር ከእህሉ ሲሶው ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ መርዙ በአተላው ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ይበረታል። ይህንን አተላ የጠጣች ላም ራስዋ ትጎዳለች፤ መርዙም በወተትዋ አልፎ ወደ ሕፃናት ይደርሳል። ስለዚህ የሻገተ እህል ለአረቄ ይሆናል የሚለው ንግግር ከየወረዳው መጥፋት አለበት።

3ኛ፤ ስለ ብቅል

ስታርች በራሱ አይብላላም፤ አስቀድሞ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። ይህን የሚለውጠው እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠር ኃይል ነው። ፓየንና ፔርሶ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1833 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከብቅል ለይተው አገኙትና ዲያስታዝ ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ ኤንዛይም ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ከጥንት ጀምረው ያውቁት ነበር።

ለብቅል የሚሆነው እህል ያልተሰበረ፥ ያልነቀዘና ገና የመብቀል ኃይሉ ያልጠፋ ሊሆን ይገባዋል። አንድ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ውኃውም በመካከሉ ይለወጣል። ከዚያ ውኃው ተንጠፍጥፎ በኮባ ወይም በሌላ ንጹሕ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ክምሩ ወፍራም ከሆነ ከውስጥ ይግልና ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ሣሣ ተደርጎ በየቀኑ ሊገላበጥ ያስፈልጋል። ገብስ ሥሩ ከፍሬው ርዝመት በልጦ፥ በቅርፊቱ ሥር የሚያድገው ቡቃያ ግን ገና ከቅርፊቱ ሳይወጣ ሲቀር ጊዜው ደረሰ ይባላል። ቡቃያው አረንጓዴ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መተው እህሉን ማባከን ነው፤ ስኳር ይሆን የነበረውን ተክሉ ይበላዋልና። ከዚህ በኋላ በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ ሥሩም ምሬት ስላለው ታሽቶና ተነፍቶ ይጣላል።

እዚህ ላይ የእህል መዓዛ ለማግኘት የሚፈልጉ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መዓዛ እንዲያመጣ ብለው ብቅሉን በምጣድ ያምሱታል። ዲያስታዝ ግን ከ75 ዲግሪ በላይ ሲግል ይሞታል፤ የታመሰ ብቅል መዓዛ አለው፥ ስታርቹን ወደ ስኳር ለመለወጥ ግን ኃይል የለውም። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ሊከፈል ይገባል፤ ብቅሉ ሳይታመስ ኃይሉን ይስጥ፥ ለመዓዛ የሚሆነው ደግሞ ሌላ እህል ተለይቶ ይታመስ። ለምሳሌ ከ10 እጅ እህል 3 እጁ በፀሐይ የደረቀ ብቅል፥ 6 እጁ ለቂጣ የሚሆን ዱቄት፥ 1 እጁ አሻሮ ቢሆን መልካም ነው። አሻሮው መልኩ ቡና ዓይነት ሆኖ ቆሎ ቆሎ ሲል ከምጣድ ይውጣ፤ ከጠቈረ የእህል መዓዛ ቀርቶ የከሰል ሽታ ይሰጣል።

4ኛ፤ ስለ ድፍድፍ

በተለመደው አሠራር ጌሾና ጥቂት ብቅል ተወቅጦ በውኃ ከ3 እስከ 4 ቀን ይጠነሰሳል፤ በኋላም ቂጣው ተቈርሶ ከቀረው ብቅል ጋር ይጨመርበታል። ይህ አሠራር መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቅሉ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሥራውን በዝግታ ስለሚሠራ፥ በደጋ አገር ስታርቹ ሳይለወጥ ኮምጣጤ ይቀድመዋል። ብቅል ፈጥኖ የሚሠራው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው።

ቴርሞሜትር የሌላት ባለሙያ ይህንን ሙቀት በቀላሉ ልታገኘው ትችላለች። በደጋችን 2 እጅ የፈላ ውኃና 1 እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ቢቀላቀል 67 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለ1 ኪሎ እህል 4 ሊትር ከዚህ ውኃ ሲፈስስበት፥ እህሉ ጥቂት ያቀዘቅዘውና ወደ 63 ዲግሪ ይወርዳል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው። በደንብ የበሰለው ቂጣ ተፈርፍሮ፥ የተፈጨው ብቅልና የተከካው አሻሮ በዚህ ውኃ ይታሻል፤ ዕቃውም በጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል። ቂጣው በሚጋገርበት ጊዜ እንዳያርር መጠንቀቅ ይገባል፤ ያረረው ቅርፊት በአረቄው ውስጥ ይሰማልና።

ስታርቹ ማለቁን ለማወቅ ከፋርማሲ የሚገኘው ቡናማ አዮዲን ይበቃል። ከድፍድፉ ቀጭን ውኃ ጥቂት ጠብታ በነጭ ሰሃን ላይ አድርጎ አንድ ጠብታ አዮዲን ማከል ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ስታርች ገና አለ፤ የአዮዲኑ መልክ ካልተለወጠ ሥራው ተፈጽሞአል። አዮዲን መርዝ ስለ ሆነ የተሞከረው ጠብታ ይጣላል እንጂ ወደ ድፍድፉ አይመለስም።

ድፍድፉ የሰውነት ሙቀት ሳይሞላው፥ ማለት ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የጌሾው ጥንስስ ይጨመራል። በትኩሱ ቢጨመር እርሾው ይሞታል። መብላላቱ ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጃል፤ አረፋው ሲቀመጥ፥ ጣፋጭነቱም ሲጠፋ ሳይውል ሳያድር ሊወጣ ይገባል። «ይጠንክር» ብሎ ማቆየት አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል እንጂ አያጠነክረውም።

በአሜሪካ የኬንታኪ አገር አረቄ አውጪዎች ካለፈው ድስት የቀረውን ቀጭን የአተላ ውኃ ከአዲሱ ድፍድፍ ጋር የመቀላቀል ሥርዓት አላቸው። ከድፍድፉ ውኃ እስከ ሩብ የሚደርሰው በዚህ ሊተካ ይችላል። ጥቂት ኮምጣጣ ስለ ሆነ ክፉ ተሐዋስያንን ይከላከላል፤ በውስጡ የቀረውንም የእህል ጣዕም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። አተላው ያረረ ከሆነ ግን ይህ አይደረግም።

5ኛ፤ ስለ ማውጣት

አሁን የምንደርሰው ከሁሉ የበለጠ ጣዕም ወደሚጠፋበት ቦታ ነው። ወፍራም ድፍድፍ በሸክላ ድስት ወይም በበርሜል ውስጥ ሆኖ በብርቱ እሳት ሲጣድ፥ ዱቄቱ ከሥር ይቀመጥና ያርራል። ያረረ ሽታ አንድ ጊዜ ከገባ በዳግም ማውጣት እንኳ ፈጽሞ አይጠፋም። ድፍድፉን በደንብ ማጣራት ከማረር ያድናል፤ ዳሩ ግን እህሉ ሁሉ ከወጣ መዓዛውም አብሮ ይቀንሳል። መካከለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ድፍድፉ በሰፊ ወንፊት ተጣርቶ ገለባውና ወፍራሙ ይወጣል፤ ደቃቁ ግን ይቀራል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም። መክደኛው ሳይዘጋ በዝግተኛ እሳት እየተማሰለ ይሞቃል፤ ለመፍላት ሲቃረብ ይከደናል። መገጣጠሚያው በጭቃና በእበት ከሚመረግ በዱቄት ሊጥ ቢመረግ ይሻላል፤ የእበት ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ይገባልና።

የሚወርደው አረቄ ከስንደዶ የማይወፍር ይሁን። እሳቱ ሲበረታ ውኃውና የመጨረሻው ክፉ ዘይት ከአልኮሉ ጋር ተደባልቆ ይወርዳል፤ መቀበያውም ስለሚግል መዓዛው ወደ አየር ይሄዳል። የማቀዝቀዣው ውኃ ትኩስ ሲሆን ሊለወጥ ይገባል።

የሚወርደው ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የሚወርደው አፍንጫን የሚወጋና የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ አለው፤ ከ20 ሊትር ድፍድፍ ሁለት የቡና ሲኒ የሚያህለው ሊጣል ይገባል። ቀጥሎ የሚወርደው ንጹሕና ጣፋጭ የሚመስል ነው። የእህሉ መዓዛ ግን እጅግ ጐልቶ የሚመጣው ወደ መካከለኛው መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የራሰ ጭድና የራሰ ቆዳ ሽታ ይተካዋል። ስለዚህ ቀድሞ ያቆመ የእህሉን ጣዕም ያጣል፤ ዘግይቶ ያቆመ ደግሞ ያበላሸዋል። ይህን ድንበር ለማግኘት የሚረዳው ዘዴ የሚወርደውን በአንድ ዕቃ ፈንታ በብዙ ትናንሽ ጠርሙሶች በተራ መቀበል ነው። ጠርሙሶቹ በስስ ጨርቅ ተሸፍነው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጠብታ በውኃ ተቀጥኖ ይሸተታል። ደግ ደጉ ይቀላቀላል። የቀረው ከመጀመሪያው ክፉ ጠብታ በቀር ወደሚቀጥለው ድስት ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚባክን የለም።

ለዳግም አረቄ ተራው አረቄ ከ30 በመቶ በታች እስኪሆን ድረስ መቅጠን አለበት፤ ይህ ለጣዕምም፥ ከእሳት አደጋ ለመዳንም ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ ከውኃው ከፊሉን በተጣራ አዲስ ድፍድፍ መተካት በመጀመሪያው ጊዜ የጠፋውን የእህል መዓዛ ይመልሳል። ዕቃው ከመዳብ የተሠራ ከሆነ ከመብላላት የሚመጣውን የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ መዳቡ ይይዘዋል፤ ነገር ግን አረንጓዴው ዝገት ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት መታጠብ አለበት።

6ኛ፤ ስለ ጥንካሬው ወሰን

ብዙ ሰው አረቄው በጠነከረ ቍጥር የተሻለ ይመስለዋል። የሌሎች አገሮች ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። በ1830 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤኒያስ ኮፊ የተባለ የአየርላንድ ሰው ሳያቋርጥ የሚያወጣ ረጅም ዓምድ የሚመስል መኪና ሠራ። በዚህ መኪና እጅግ ጠንካራና ርካሽ አልኮል ተገኘ፤ ነገር ግን አልኮሉ በጠራ መጠን የእህሉ ጣዕም ሄደ። ከዚህ የተነሣ የእህል ጣዕም በሕግ የሚጠበቅ ነገር ሆነ። የስኮትላንድ ዊስኪ ከእህሉና ከአሠራሩ የሚመጣው መዓዛና ጣዕም እንዲኖረው ከ94.8 በመቶ በታች መውጣት አለበት፤ በእንጨት በርሜልም ከ3 ዓመት ያላነሰ ይቆያል። የአሜሪካ ቡርበን ደግሞ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፥ ከ80 በመቶ በላይ ጠንክሮ ሊወጣ አይፈቀድለትም። የሆላንድ ሰዎች የየኔቨር መጠጣቸውን የእህል ጣዕም የሚያገኙት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ከሚወጣ የብቅል አረቄ ነው።

የእኛ ዳግም አረቄ ጥንካሬው ወደ 45 በመቶ ስለ ሆነ፥ የእህሉን ጣዕም ለመጠበቅ በመልካም ቦታ ላይ ይገኛል። ሦስተኛ ጊዜ ማውጣት የሚያስፈልገው ሲበላሽ ነው እንጂ ለጣዕም አይደለም። የተጠናቀቀውን አረቄ በብርጭቆ ጠርሙስ ማሳረፍ ይገባል፤ የፕላስቲክ ጀሪካን ሽታውን ይሰጠዋል። አንዳንዶች በ1 ሊትር አረቄ ውስጥ አንድ እፍኝ የታመሰ ገብስ ለ3 ቀን ዘፍዝፈው ያጣሩታል። ይህ መልክና መዓዛ ይጨምራል፤ ሻጩ ግን እንዲህ መደረጉን ለገዢው መናገር አለበት፤ የክፉን አረቄ ጉድለት ለመሸፈን ሊደረግ አይገባውም።

7ኛ፤ ሹማምት የሚመረምሩበት ሂሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የስኮትላንድ ታላላቅ ፋብሪካዎች፥ ምርጥ ብቅልና ታላላቅ መኪና ይዘው፥ ከ100 ኪሎ ብቅል የሚያገኙት ንጹሕ አልኮል 40 ሊትር ገደማ ነው። ይህ በ45 በመቶ ሲታሰብ 89 ሊትር ያህል አረቄ ይሆናል። በቤት ውስጥ በሸክላ ድስት የሚሠራ ሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ማግኘቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ከአንድ ኩንታል እህል ከ89 ሊትር የበለጠ የ45 በመቶ አረቄ አወጣሁ ቢል፥ ወይም ስኳር ጨምሮአል፥ ወይም የፋብሪካ አልኮል ቀላቅሎአል፥ ወይም አረቄው 45 በመቶ አይደለም። ይህን ለማወቅ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ባለሙያዎችን በስሕተት መንገድ የሚመራቸው «ከኩንታሉ ስንት ጠርሙስ አወጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ጠርሙስ ያወጣች የምትመሰገን፥ ክፉውን ጠብታ የጣለች የምትነቀፍ ከሆነ፥ ክፉውም ደጉም አብሮ ይሸጣል፤ ስኳርም ይገባል። ስኳር አልኮል ይሰጣል፥ የእህል ጣዕም ግን አይሰጥም፤ ገበሬውም ገበያውን ያጣል። ስለዚህ ዋጋው በጥራቱ እንዲሆን ማድረግ እህሉንም ሠሪዋንም መርዳት ነው።

ለጥራት ምርመራ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። አንደኛው፥ አንድ መለኪያ አረቄ በአንድ መለኪያ ንጹሕ ውኃ አቅጥኖ ማሽተት ነው፤ በዊስኪ አገርም መርማሪዎች ወደ 20 በመቶ አውርደው ያሸታሉ፤ ጠንካራው አልኮል አፍንጫን ያደነዝዛልና። ሁለተኛው፥ አረቄ የነበረበትን መለኪያ ሳያጥቡ አሳድሮ በማግሥቱ ባዶውን ማሽተት ነው። አልኮሉ ተንኖ ስለሚሄድ የእህል አረቄ ከሆነ የዳቦ ወይም የቆሎ መዓዛ ይቀራል፤ የስኳር አረቄ ከሆነ ምንም የእህል መዓዛ አይገኝበትም።

8ኛ፤ ስለ አደጋ

በሕዝብ ዘንድ «ሲቃጠል ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው» የሚባል ነገር አለ። ይህ ሐሰት ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዘኛ አልኮልም ይቃጠላል፤ ነበልባሉንም በዓይን መለየት አይቻልም። ከዚህ መርዝ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ዓይን ሊያጠፋ፥ 30 ሚሊ ሊትር ያህልም ሰው ሊገድል ይችላል። ንጹሕ እህል በራሱ እጅግ ጥቂት ሜታኖል ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታወርበትና የሚሞትበት ዋናው ምክንያት ለኢንዱስትሪ የተሠራ አልኮል ከመጠጥ ጋር መቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያውን ጠብታ መጣል ጣዕሙን ያሳምራል፤ እንዲህ ካለው ቅልቅል ግን አያድንም። አንድ ሰው ከጠጣ በኋላ ዓይኑ ከደበዘዘ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሌላው አደጋ ከዕቃው ይመጣል። በእርሳስ የተበየደ ቧንቧና የመኪና ራዲያተር እርሳስ ወደ አረቄው ይለቅቃሉ። መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ቢታጠብም አይሆንም። የጎማ ቱቦ ሽታውን ይሰጣል። መቀበያው ከእሳቱ ርቆ ይቀመጥ፤ የአልኮል እንፋሎት ሳይታይ ይዛመታልና።

9ኛ፤ ስለ ማገዶ

አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያ ብዙ ቤተ ሰብ በዚህ ሥራ ይተዳደራል፤ ነገር ግን የሚነደው እንጨት በአካባቢው ደን ላይ ብርቱ ጫና ማድረጉን፥ ጭሱም የሴቶቹን ዓይንና ሳንባ መጉዳቱን የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። እዚህ ላይ የጣዕሙና የደኑ ጥቅም አንድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ብርቱ እሳት እንጨት ይፈጃል፥ ጣዕምም ያጠፋል፤ ዙሪያውን በጭቃ የተከለለ ምድጃና ዝግተኛ እሳት ግን ሁለቱንም ያድናል። ከማቀዝቀዣው የሚወጣው ትኩስ ውኃ ሳይደፋ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ቢውል ውኃ ለማፍላት የሚነደው እንጨት ይተርፋል። ጭሱ በጣራ የሚወጣበት ጭስ ማውጫ ማሠራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ክቡራን ሹማምትና ባለ እርሻዎች በየወረዳቸው እነዚህን አራት ነገሮች ቢያስፈጽሙ ብዙ ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፥ የሻገተ እህል ለአረቄ እንዳይሸጥ፥ አተላውም ለከብት እንዳይሰጥ ማስታወቅ፤ ሁለተኛ፥ በየገበያው ቦታ አንድ የአልኮል መመዘኛና ጥቂት አዮዲን አስቀምጦ ባለሙያዎች በነጻ እንዲጠቀሙበት ማድረግ፤ ሦስተኛ፥ በእርሳስ የተበየደውንና የኬሚካል በርሜል የሆነውን ዕቃ አስለውጦ ሠሪዋ ሌላ ዕቃ የምታገኝበትን መንገድ መፈለግ፤ አራተኛ፥ ስለ ጠርሙሱ ብዛት መጠየቅን ትቶ መለኪያውን አሳድሮ ማሽተት። ከዕቃ ማስለወጡ በቀር ሌሎቹ ብዙ ወጪ የለባቸውም፤ ከመጪው መከር አስቀድሞ ሊጀመሩ ይችላሉ።